የእማማ ፉሚ እርምጃ

ጠረኑን ያወቅኩት ትኬት መቁረጫው ጋ ስንደርስ ነው። ፀሐይ ያነደደው ደረቅ ሣር፣ ከላዩ አቧራ፣ ከሥሩ ደግሞ ገና ያልተነነ የጠዋት እርጥበት። እግሬ ከጭንቅላቴ ቀድሞ አወቀው መሰለኝ፤ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። እናቴ ከኋላዬ ከአንዲት አጋዘን ጋር ካርታ ትጓተታለች።

"ኧረ ልቀቂ! ትርንጎ፣ ወረቀቴን በላችብኝ እኮ!"

"ተይላት እማዬ፣ ሌላ አለኝ።"

"ምን ዓይነት አገር ነው፣ አውሬው ከሰው ጋር የሚጋፋበት!"

ናራ ነን፣ ጃፓን። ከኋላችን የትልቁ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ከዛፎቹ በላይ ወጥቶ ይታያል። ከፊታችን ዛፍ የሌለበት፣ ሣር ብቻ የለበሰ ኮረብታ አለ። እኔ ይህን ኮረብታ ያወቅኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ ያወቅኩትም ከዚህ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በአንድ ሰመር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አሜሪካ ከገባሁ ስምንት ወሬ። እናቴ ቀድማኝ ስትመጣ እኔ አክስቴ ዘንድ ቀርቼ መንትያ ልጆቿን አዝዬ ሳሳድግ ስለኖርኩ፣ ትምህርት ቤት የሚባለውን የማውቀው በአጥር ቀዳዳ ነው። ኦሮራ ስደርስ በዕድሜዬ ልክ አምስተኛ ክፍል አስቀመጡኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የኛንም የነሱንም። ቁጥር ግን ማንም ሳያስተምረኝ እወድ ነበር። የአፓርታማችንን ደረጃ እቆጥራለሁ፣ የኮሪደሩን አምፖል እቆጥራለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው የሚሄዱትን ሰዎች እቆጥራለሁ። ሌላው ነገር ሁሉ ሲያመልጠኝ ቁጥር ይቆምልኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ እናቴ ሥራዋ ቦታ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። የምትሠራው አንዲት አሮጊት ቤት ነው፤ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። መኪና ውስጥ ሕጉን ነገረችኝ፦ "ዕቃ አትነኪ። ፊታቸው አትቆሚ። ሲጠሩሽ ብቻ።"

በሩን የከፈቱት ሴትዮ ከኔ በአንድ ጣት ቢበልጡ ነው። ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሏል፣ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። ወዲያው ተመልሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቦውሊንግ ነበር የሚያዩት። አንዱ ተጫዋች ኳሱን ሲስት "አህያ!" አሉት። ሕጉን ረስቼ ሳቅኩ።

ስማቸው ፉሚ ነው። እናቴ ለብቻችን ስንሆን "እማማ ፉሚ" ትላቸዋለች፤ ለሳቸው ዕድሜ ባዶ ስም መጥራት አይሆንላትም። ከጃፓን ያመጧቸው ባለቤታቸው ወታደር ነበሩ፤ የድሮው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል አጠገብ ይህችን የጡብ ቤት ገዝተው፣ ልጅ ወልደው፣ ቆይተው ሞቱ። እማማ ፉሚ ሃምሳ ዓመት አሜሪካ ኖረው እንግሊዝኛቸው አልተስተካከለም። የኔ ደግሞ የስምንት ወር ነበር። ሁለታችን ስናወራ እንግሊዝኛው በሁለት እግሩ ያነክሳል፤ እዚህ ቀጥ አድርጌ የምጽፈው ለአንባቢ ብዬ ነው።

ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የላኩላቸው ናራ የሚኖሩት እህታቸው ቺዬ ናቸው። ቅጠሉን ስገልጠው አረንጓዴ ኮረብታ፣ አጋዘኖች፣ ጥቁር የቤተ መቅደስ ጣሪያ አለ። እሳቸው ግን ሁልጊዜ የሚያቆሙት በጥር ወር ላይ ነበር። በዚያ ሥዕል ኮረብታው ከታች እስከ ላይ ይነዳል፤ ሰማዩ ብርቱካን ሆኗል።

"ይኼ የኔ ኮረብታ ነው" አሉኝ። "ሦስት ባርኔጣ እንደተደራረበ ነው። አንዱን ትወጫለሽ፣ ሁለተኛው ይመጣል። ሁለተኛውን ትወጫለሽ፣ ሦስተኛው ይመጣል።"

እኔ ሥዕሉ ላይ ባርኔጣ ፈለግኩ፤ አጣሁ። እሳቱን ግን አየሁ። ለምን ይነዳል ብዬ አልጠየቅኩም። ያኔ ብዙ ነገር አልጠይቅም ነበር፤ የማላውቀውን እንዳያውቁብኝ።

"ልጅ ሆነን እኔና ቺዬ በሩጫ እንወጣው ነበር። ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ሦስተኛው ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች። እስክደርስ ድረስ አትዞርም፤ አጠገቧ ካልቆምኩ በቀር አትዞርም! እንዲህ ያለ ንቀት አይተሻል?" ትናንት የሆነ ይመስል ጉንጫቸው ቀላ።

በኅዳር እንደገና ሊወጡት ተቀጣጥረዋል፤ ሁለት አሮጊቶች፣ ሁለት ከዘራ። ነገር ግን ልባቸው ደካማ ነው። ሐኪማቸው በነሐሴ መጨረሻ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል፤ እስከዚያ ሳይቀመጡ ሦስት መቶ እርምጃ ዳገት መውጣት ከቻሉ ይሄዳሉ፣ ካልቻሉ አይሄዱም። ካሊፎርኒያ ያለችው ልጃቸው ሊንዳም በዚሁ ቆርጣለች።

ሥራዬ ተገኘ። ከቤታቸው ጀርባ ማዘጋጃ ቤቱ ጎርፍ ለማገድ የሠራው ረጅም የአፈር ጉብታ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናብ ስላልጣለ ሣሩ እንደ ገለባ ነጥቷል፤ ናራ ላይ ያወቅኩት ጠረን የዚህ ጉብታ ነው። ፕሬሪ ዶግ የሚሏቸው፣ ድመት የማያካክሉ የጉድጓድ እንስሶች በኋላ እግራቸው ቆመው ይጮኹብናል። እማማ ፉሚ ቆም ብለው ጎንበስ ይሉላቸዋል። "የናራ አጋዘኖች ሰላም ይላሉ፤ እነዚህ ባለጌዎች ናቸው" ይላሉ።

መንገዱ ጉብታውን እየዞረ ነው የሚወጣው። ዓይናቸው ሞራ ስለለበሰ የት እንደደረሱ ለይተው አያዩም።

"መቁጠር ያንቺ ሥራ፣ መተንፈስ የኔ" አሉኝና አንድ ደብተር ሰጡኝ።

እርምጃቸው የጫማቸው ግማሽ ነበር። ከዘራው ይቀድማል፣ ቀኝ ይከተላል፣ ግራ ይደርሳል። እኔም አጠገባቸው በዚያው ልክ መራመድ ተማርኩ። የመጀመሪያው ቀን ስልሳ አራት። በሳምንቱ መቶ አሥር። ሰኔው ሲጋመስ መቶ ሰማንያ። ቁጥሩን አሳምሬ እጽፋለሁ፤ በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብተር ነው።

በዚያው ሰሞን ከምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ሰደድ እሳት ተነሣ። ጠዋት የመኪናችን መስታወት ላይ አመድ እናገኛለን። ፀሐይዋ ቀይ ሳንቲም መስላ ትወጣለች። እኔ ካርታ አይቼ አላውቅም። ጃፓን ከተራራው ወዲያ ነው ብሎ የነገረኝ የለም፤ አይደለም ያለኝም የለም። ምዕራብ ሰማዩ ብርቱካን ነው፣ ወጥ ቤት ያለው ሥዕልም ብርቱካን ነው። የሚነደው የእማማ ፉሚ ኮረብታ መሆኑን ተረዳሁ፤ ማለትም የተረዳሁ መሰለኝ።

ከዚያ ሊንዳ ደወለች። እናቴ እየነዳች ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋው ከኋላ ሁሉንም ሰማሁ።

"አክስቴ ማክሰኞ ሞተች። እማማ በስልክ አትሰማኝም። አንቺ ልትነግሪልኝ ትችያለሽ? ቀስ ብለሽ፣ ከምሳ በኋላ።"

እናቴ "ኦኬ፣ ኦኬ" አለች። ስልኩ ሲዘጋ መኪናዋን ጥግ አስይዛ ፓርክ አደረገች።

"ከምሳ በኋላ! በጠራራ ፀሐይ! እጄን እያጠብኩ፣ እህትዎ ሞቱ ልበላቸው?" መሪውን በመዳፏ መታችው። "ሰው ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ ደግፎ የሚይዛቸው ሰው አጠገባቸው ሆኖ ነው እንጂ! ልባቸው እንደሆነ ታማሚ ነው።" ዞር አለችና አየችኝ። "ሰማሽ አይደል? አፍሽን ዝጊ። በዓይንሽም እንዳትናገሪ።"

ሰው የተባለው የዕድራችን ሴቶች ናቸው። ዋናዋ እትዬ ዘውዴ ሌሊት ሌሊት ነርሲንግ ሆም ይሠራሉ። ሁለቱ ኤርፖርት ናቸው፣ ፈረቃቸው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። አንዷ ኦፍ የምታገኘው እሑድን ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ መርዶ አይሆንም፣ ቅዳሴ አለ። እናቴ በየቀኑ ስልክ ላይ ናት፦ "ሐሙስ ንጋት? ... እሺ፣ ማክሰኞስ?" እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሄደ። ሊንዳ እናቷ የተነገራቸው መስሏታል። እናቴ ነገ ነገ ትላለች። እማማ ፉሚ ዳገት ይወጣሉ።

እኔ ደግሞ አጠገባቸው እቆጥራለሁ።

እግሬ አንድ ቦታ መቀመጥ እምቢ አለኝ። ወንበር ላይ ያወዛውዘኛል፣ ቆሜ ያራምደኛል። ጥፍሬን እስከ ሥሩ በላሁት። ቺዬ እንዴት እንደሞቱ እናቴ አልነገረችኝም፤ መንገርም አላስፈለጋትም፣ አውቀዋለሁ። ቀድመው ወጥተዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፣ ስለዚህ እሳቱ ሲመጣ አላዩትም። እማማ ፉሚ ሦስት መቶ ከሞሉ እዚያው ይሄዳሉ። እዚያው ይነዳሉ።

ስለዚህ መዋሸት ጀመርኩ።

"ስንት?" ይላሉ ሣሩ ላይ ተቀምጠው እያለከለኩ።

ሁለት መቶ አሥር ነበር። "መቶ ሰባ" አልኩ። ደብተሩም ላይ መቶ ሰባ ጻፍኩ።

"ትናንት መቶ ሰማንያ አምስት አልነበረም?"

"ነበር።"

ጉልበታቸውን በከዘራው መቱት። "ሰነፍ!" ለኔ አይደለም፤ ለእግራቸው ነው።

እውነተኛው ቁጥር በየቀኑ ይወጣል፣ የምናገረው ባለበት ይረግጣል። ሁለት መቶ ሠላሳ፤ መቶ ሰባ አምስት። ሁለት መቶ ስልሳ፤ መቶ ሰማንያ። እማማ ፉሚ ማታ ማታም መውጣት ጀመሩ። እግራቸውን ዓይን በሚያስለቅስ ቅባት ያሹታል። "ሥጋ ከብዶኝ ነው" ብለው እራታቸውን ተዉ። እናቴ ሳህኑን እንዳለ ስትመልስ "ምን ሆኑ? ሰምተው ይሆን እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ። ሳህኑን ተቀብዬ ማጠብ ጀመርኩ።

ከጉብታው ስንመለስ ፖስታ ሳጥኑን የምከፍተው እኔ ነኝ። ቺዬ በየሁለት ሳምንቱ ነበር የሚጽፉት። እጄን ሳስገባ የማገኘው የፒዛ ማስታወቂያ ነው፤ ትንፋሼ ይመለሳል።

"የለም?"

"የለም።"

"ልምምድ ላይ ናት" አሉ አንድ ቀን። "እኔን ለመቅደም። እኔ እዚህ መቶ ሰማንያ ላይ እጎተታለሁ፣ እሷ ከላይ ሆና ትስቅብኛለች።"

ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

በመጨረሻ ፈረቃው ገጠመ፤ ረቡዕ ሆነ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሦስት መኪና ደረስን፤ እናቴ፣ እኔና አምስት ሴቶች። እትዬ ዘውዴ ከሥራ ቀጥታ ስለመጡ ከነጠላቸው ሥር የነርሲንግ ሆሙን ዩኒፎርም ለብሰዋል። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፣ ጭሱ ይሸታል። እናቴ አንኳኳች።

እማማ ፉሚ በሩን ከፍተው ሰባታችንንም ቃኙን። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ቦርሳ፣ በሌላው የቀን መቁጠሪያውን ይዘዋል።

"እሳቱ እዚህ ደረሰ? በየትኛው መኪና ነው የምገባው?"

እናቴ ያጠናችው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋት። እጃቸውን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። እትዬ ዘውዴ ምንም ሳይነገር አንድ ጊዜ "ወየው!" አሉና ለቅሶውን ጀመሩት። የእማማ ፉሚ ፊት አመድ ሆነ።

"ሊንዳ ናት? ልጄ ናት?"

"ኖ፣ ኖ! ሊንዳ ደህና ናት። እህትዎ... ቺዬ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ የወጣቸው የእፎይታ ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ያ ትንፋሽ መሃል ላይ ተሰበረ። እናቴ በግራ፣ እትዬ ዘውዴ በቀኝ ደገፏቸው። እማማ ፉሚ አላለቀሱም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሲያነቡ አንድ በአንድ ያዩዋቸዋል።

"እነዚህ ሰዎች እህቴን ያውቋታል?" አሉኝ።

"አያውቋቸውም።"

"ታዲያ የሚያለቅሱት ለማን ነው?"

"ለርስዎ ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዳ ነውና ሻይ ሊያፈሉ ሲነሡ፣ ሴቶቹ በአንድ አፍ "ኧረ ሐዘንተኛ አትነሣም!" ብለው መልሰው አስቀመጧቸው። ትንሽ ቆይተው ወደ እናቴ ዞሩ።

"መቼ?"

"ሦስት ሳምንት" አለች እናቴ አንገቷን ደፍታ።

አሁን የዞሩት ወደ እኔ ነው። "አብረን ስንወጣ ታውቂ ነበር?"

እዚያች ላይ ፈነዳሁ። ለቅሶው ከሁሉም በለጠ። ቁጥሩን፣ ደብተሩን፣ ብርቱካኑን ሰማይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የተቃጠሉትን ቺዬን፣ ሁሉንም በሁለት ቋንቋ አፈሰስኩት። እናቴ "ምን አልሽ? ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?" ብላ ልትነሣ ስትል እማማ ፉሚ ክንዷን ያዙ።

"ቺዬ አልጋዋ ላይ ሞታ ይሆናል እንጂ አልተቃጠለችም። ሣሩን እኮ በየዓመቱ ሆን ብለው ነው የሚያነዱት፤ እኛ ራሳችን ሄደን እናያለን። የሚነደው ይኼ የናንተው ተራራ ነው።" ደብተሩን ተቀብለው አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት። "ትናንት ስንት ነበር? እውነተኛው።"

"ሁለት መቶ ዘጠና አራት።"

ስድስት ቀርቷቸው ነበር።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሮቼን ሰደብኳቸው" አሉ። ተቆጥተዋል፣ በጣም። "እራት ከለከልኳቸው። እነሱን ይቅርታ ጠይቂ።"

እኔ ይህን ቃል በኛ ወግ ነው የሰማሁት። ወለሉ ላይ ወድቄ እግራቸውን ያዝኩ። እትዬ ዘውዴ እንባቸውን እየጠረጉ "እንዲህ ነው፣ እንዲህ ነው! ይማሯት በሏቸው" አሉ። እማማ ፉሚ ሳይጠብቁት እግራቸውን ሊነጥቁ ሞከሩ፤ አልለቅ አልኩ። በመጨረሻ እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ፤ ከዚያም ጆሮዬን ያዘና ቆንጠጥ አደረገ።

"በቃ። ከዘራዬን አምጪ።"

"ኧረ ሐዘንተኛ አትወጣም!" አሉ ሴቶቹ። እሳቸው ግን በጓሮ በር ወጡ። ምን ይደረግ? ሁሉም ተከተሉ። ቀይዋ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ጉብታው ላይ ቢጎዲን ያደረጉ ጃፓናዊት አሮጊት፣ ከኋላቸው ነጠላ የዘቀዘቁ ስድስት ሐበሾች በሰልፍ ይወጣሉ። ፕሬሪ ዶጎቹ በየጉድጓዳቸው ቆመው ያብዳሉ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ሁሉም እንዲሰማኝ፣ አንዷም እንዳትዘለል። ሁለት መቶ ዘጠና አራት ላይ እናቴ ትንፋሿን ዋጠች። ሦስት መቶ። እማማ ፉሚ አልቆሙም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ መንገዱ አለቀ፤ አናቱ ነው። ለካ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከአናቱ በታች፣ የጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር ተስፋ ቆርጠው የሚቀመጡት።

ወደ ብርቱካኑ ሰማይ ዞረው ቆሙ። ያን ጊዜ አለቀሱ።

"ጻፊ" አሉኝ።

በኅዳር ከሊንዳ ጋር ሄዱ። የጡብ ቤቱ ተሸጠ፤ ከጃፓን መልስ ኑሯቸው ካሊፎርኒያ ልጃቸው ዘንድ ሆነ። እኛም ቶርንተን የሚባል ሌላ ከተማ ገባን። ከናራ አንድ ፖስትካርድ ደረሰኝ። በአንድ በኩል ኮረብታው አለ፣ አረንጓዴ። በሌላው በኩል፣ ያኔ ማንበብ ገና እየጀመርኩ መሆኔን ያውቃሉና፣ ቃል የለበትም። በትልልቁ የተጻፈ ቁጥር ብቻ፦ 1140።

ይኸው፣ አጋዘኗ ካርታውን ጨርሳ ለቀቀችን። ገባንና መውጣት ጀመርን። የራሴን እርምጃ ትቼ በሳቸው ሄድኩ፤ የጫማ ግማሽ፣ የጫማ ግማሽ። እግሬ አልረሳውም። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ከኋላ ታጉረመርማለች። ሺህ አለፍኩ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ምን እንደሚታይ ለዓመታት አስቤያለሁ። ሺህ መቶ ሠላሳ ስምንት። ሺህ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ሺህ መቶ አርባ።

ሣር ሜዳና አግዳሚ ወንበር። ከታች የቤተ መቅደሱ ጣሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ከተማው። ቀና ስል ከፊቴ ሌላ ባርኔጣ ቆሟል፤ ከሱ በላይም ሌላ።

"ደረስን?" አለች እናቴ ወንበሩ ላይ እየወደቀች።

"አልደረስንም። የመጀመሪያው ነው።" ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። "እማማ ፉሚ እዚህ ነው የቆሙት። እኔ እስከ ላይኛው የወጡ መስሎኝ ነበር። ያ ሦስት ሳምንት ባይባክን፣ በምግብ ቢጠነክሩ..."

እናቴ ጉልበቷን አሸች።

"ሦስት ሳምንት ያዘገየሁትስ እኔ አይደለሁ? ፈረቃ ስለቅም።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ሴትዮዋ ግን የደረሱበትን ነው የጻፉልሽ። አንድ እንኳ አልጨመሩም።"

ነፋሱ ያን ጠረን ይዞ በላያችን አለፈ።

"እህታቸው የት ነበር የሚቀመጡት ያልሽኝ?"

"ሦስተኛው ላይ።"

"እስከ አሁን ጀርባቸውን ሰጥተው?" ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ ተነሣች። "በይ ነይ፤ ደርሰን ይዙሩ። ከአንድ እንዳትጀምሪ፣ ከእማማ ፉሚ ቁጥር ቀጥዪ።"

የጫማ ግማሽ ተራመድኩ።

"ሺህ መቶ አርባ አንድ።"